የአለሜ ፊርማ

አለሜ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ባንችይርጋ እጁን ያዘችው።

"ቆይ ጋሽ አለሜ፣ አይፈርሙ!"

"ምነው? የተሳሳተ ነገር አለ?" አለና ብዕሩን አነሣ። የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነውና ፊርማ አያስፈራውም፤ ጠመኔ ሲገባም ሲወጣም ሲፈርም ሃያ ዓመቱ ነው።

"የለም። ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ" አለችው። ለምን እንደከለከለችው እሷም በቅጡ አላወቀችም። ሆዷ ነው እንቢ ያላት።

ወረቀቱ የዋስትና ቅጽ ነበር። ባንችይርጋ ላሊበላ ላይ እንግሊዝኛ ስታስተምር አምስት ዓመቷ ሲሆን፣ ዘንድሮ፣ በ1973፣ ሁለት የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች መጥተሽ አስተምሪ ብለው ጽፈውላታል። አንደኛው ናይጄሪያ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ የአሁን ደመወዟን አራት እጥፍ ይከፍላል፣ ቤትም ከነአትክልት ቦታው ይሰጣል። ሁለተኛው ደቡብ የመን፣ ኤደን ነው፤ ክፍያው እዚህ ከምታገኘው ብዙም አይርቅ፣ መኝታው ደግሞ ለአራት መምህራን አንድ ክፍል። እዚህ ላይ ምን ምርጫ አለ? ቅጹ ላይ ናይጄሪያ ብላ ሞልታ ነበር የመጣችው። የትም ይሁን የት ግን የመውጫ ፈቃዱ ደመወዝተኛ ዋስ ይፈልጋል፤ ተጓዡ ውሉ ሲያልቅ ካልተመለሰ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ቅጾቹን ይዞ ወደ ወልድያ የሚወርደው መኪና ነገ ጧት ይነሣል።

መሄድ ትፈልጋለች፣ ያውም አጥብቃ። ታላቅ ወንድሟን በ1970 ከደሴ የወሰደው ላንድሮቨር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤቱ በር በኩል የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ጠመኔው ከእጇ ይወድቃል። ተማሪዎቹ ለምደውት አንስተው ይሰጧታል። ባለፈው ወር ካድሬው በስብሰባ መሐል "የእንግሊዝኛዋ መምህርት ምነው ዝም አለች?" ብሎ ከጠየቀ ወዲህ ደግሞ እህል አልወርድልሽ ብሏታል።

ከንብረት ክፍሉ ወጥታ በቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከቤተ ክርስቲያኑ አለት ጥላ ሥር ተቀምጠው ዜማ ያስተምራሉ። ፊቷን ሲያዩ ተማሪዎቹን ዘወር በሉ አሏቸው።

"አባባ፣ ኸሁለቱ አገር የትኛው ነው ደኅናው? እርስዎ ምን ይላሉ?"

መሪጌታ ናይጄሪያንም ኤደንንም አያውቁም። የሚያውቁት ጎጃምን ነው፤ ቅኔ ፍለጋ በእግራቸው ሄደው ሰባት ዓመት ቆይተውበታል።

"በእኛ ጊዜ" አሉ፣ "የቅኔ ጉባኤ ቤት ስንመርጥ መምህሩን አንጠይቅም። መምህሩማ ና እንጂ ሌላ ምን ይልሃል? ለተማሪው ቁራሽ እየሰጡ ያሳደሩትን ቤቶች ነው የምንጠይቅ። የሄደው ልጅ ምን ሆኖ እንደቀረ እነሱ ያውቃሉ።"

"ናይጄሪያ ላይ የማንን ቤት ልጠይቅ?"

"ምስጋኑ ኸማን ቤት ወጣ? ዋሱስ ማን ነበር?"

ምስጋኑ የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ናይጄሪያ ሊያስተምር ሄደ፤ የሁለት ዓመት ውሉ ሲያልቅ አልተመለሰም። ዋስ የሆነው ታይፒስቱ አረጋ ወልድያ ከታሰረ ስምንት ወሩ ነው። በአረጋ ደጃፍ ስታልፍ እርምጃዋን ታፈጥናለች። የማያፈጥን ሰውም የለ።

የዚያን ቀን ግን ቆመች። ቤቱ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የድንጋይ ጎጆ ነው። የአረጋ ሚስት ብርቅዬ በር ላይ ተቀምጣ በሶ በስልቻ ትሞላለች።

"ግቢ ባንቺ። ለአረጋ ስንቅ ነው፤ ነገ በሚወርደው መኪና እልክለታለሁ።"

ባንችይርጋ አንገቷን ደፋች። ቅጾቹን የሚወስደው ያው መኪና ነው።

"እትዬ ብርቅዬ፣ አይደብቁኝ። የምስጋኑ ሥራ ክፉ ነው እንዴ?"

"ክፉ?" ብርቅዬ እጇን አራግፋ ገባችና ፎቶግራፍ ይዛ ወጣች። ምስጋኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አንድ ፎቅ ፊት ቆሟል። ወፍሯል። "መጀመሪያ ላይ ይጽፍ ነበር። ተማሪው ያከብረኛል አለ፤ ደመወዝ በቀኑ ይገባል፣ በር የሚያንኳኳ የለም አለ። አንድ ውሸት የለበትም።"

"ታዲያ ለምን ..."

"ደኅና ስለሆነ ነዋ! ክፉ ቢሆንማ ይመለስ ነበር። አረጋም ኸዚህ ከቤቱ ይሆን ነበር።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ደክሟታል። "ምስጋኑ ክፉ ልጅ እንዳይመስልሽ። እዚችው ደጃፍ ላይ የአረጋን ጉልበት ስሞ፣ አልቅሶ ነው የሄደ። አንቺስ ትመለሻለሽ?"

እመለሳለሁ ልትል አፏን ከፈተች። በሐሳቧ ቤቱን አየችው፤ አትክልቱን፣ ማንም የማያንኳኳውን በር አየች። ውሉ ያለቀ ቀን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የመመለሻ ቲኬትም አየች። ቲኬቱን ስታነሣ ግን ራሷን ማየት አልቻለችም። እስከዚያች ደቂቃ መኪናና ካድሬ ስትፈራ ኖራ፣ አሁን የገዛ ራሷን ፈራች፤ ይኼኛው ፍርሃት ከሁሉም ባሰባት።

"ዋስሽ ማነው?" አለች ብርቅዬ።

"ጋሽ አለሜ።"

"የአምስት ልጆች አባት" አለችና ብርቅዬ ወደ በሶዋ ተመለሰች።

ትምህርት ቤት ስትደርስ አለሜ ቁልፉን ይዞ ይጠብቃት ነበር። ባዶ ቅጽ ጠይቃው እዚያው ቆማ ሞላችና ሰጠችው። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አነበበ።

"ኤደን? ሙቀቱ ሰው ይገድላል አሉ እኮ! አራት ሰው ባንድ ክፍል፣ ደመወዙ እንደኛው። ትናንት 'ማን አብዶ ነው እዚያ የሚሄድ' ስትይ አልነበር?"

"ነበር።"

"ታዲያ?"

"እሱ ይሻላል፤ ኸዚያ እመለሳለሁ። ይፈርሙልኝ።"

አለሜ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ፈረመ። ቅጹን አጣጥፋ ያዘችና፣ ከናይጄሪያ የመጣውን ደብዳቤ ከነፖስታው ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችለት።

"ይኸን እርስዎ ያስቀምጡት።"

"እኔ ምን ላደርገው? እንግሊዝኛ አላነብ።"

"አድራሻው አለበት። እኔ ዘንድ አይደር። ኤደን ሆኜ ላኩልኝ ብዬ ብጽፍልዎም እንዳይልኩልኝ።"

አለሜ ሊስቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው። ደብዳቤውን ከጠመኔው ካርቶን ሥር ከቶ ቁምሳጥኑን ቆለፈ። ቁልፉንም፣ እንደወትሮው ሚስማሩ ላይ በማንጠልጠል ፈንታ፣ ኪሱ ጨመረው።