የሙት ዓመት ወረቀት

ቬሊዛር ለእናቱ ሊነግራት የሚገባውን ነገር በሆዱ ይዞ ሦስት ቀን ከረመ። ኖርዌይ ያለው ዩኒቨርሲቲ የድሮ ሥራውን ሊመልስለት ተስማምቷል፤ መልሱን እስከ ሰኞ ይፈልጋል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ማገዶው ጠይቋት ዘጋው። ዛሬ የአባቱ ሙት ዓመት ስለሆነ ቀኑ ለእንዲህ ያለ ወሬ እንደማይመች ያውቃል፤ ግን ሌላ ቀን አልቀረውም። በቱንጃ ወንዝ ዳር ባለው አሮጌ መናፈሻ ውስጥ፣ ጎን ለጎን እየተራመዱ፣ ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ ቢነግራት ይቀላል ብሎ አሰበ።

ቡልጋሪያን ጥሎ ዐሥራ አራት ዓመት ሰው አገር ተምሮና ሠርቶ የተመለሰው አምና ነው፤ አባቱ ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ። በከተማው "እንኳን መጣህ" ያለው ሰው የለም። ዳቦ ሻጯም፣ የፖስታ ቤቷም ሴት፣ የፎቁም ጎረቤት "ምን ሆነህ ተመለስክ?" ነው ያሉት። መጀመሪያ መጀመሪያ መልስ ነበረው። እየዋለ እያደረ መልሱ ቬሊዛርን ራሱንም አላሳምን አለው። ከዚያ ወዲህ ይደክመዋል። ሲተኛ ይደክመዋል፣ ሲነሣም ይደክመዋል።

እናቱ ዳፊና የመናፈሻው በር ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀኝ ጉልበቷ አይታጠፍም፣ ዐይኗንም ሞራ ይዞታል።

"ባልዲውን አንተ ያዝ፣ ወረቀቱን ወዲህ በል" አለችው።

በባልዲው ውስጥ ስኳርና የተፈጨ ብስኩት የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ አለ። አላፊ አግዳሚው በትንንሽ ኩባያ እየወሰደ ነፍስ ይማር ይላል።

"እኔ ልለጥፍ፣ እማ። አንቺ ተቀመጪ።"

"አንተ? አንተ የተማርከው ሌላ ነው። ዛፉን በፕላስተር ጠምጥመህ እንደ ቁስለኛ ታስመስለዋለህ።"

"መነጽርሽስ?"

"ለምኔ? አንባቢዋ እኔ ነኝ? የባሌን ፊት እንደሆነ አውቀዋለሁ።"

በዚያች ከተማ ሰው ሲሞት ፎቶው በጥቁር መስመር ተከቦ በወረቀት ይታተምና በየበሩ፣ በየምሰሶው፣ ሟቹ በሚያዘወትርበት ቦታ ሁሉ ይለጠፋል። በአርባው እንደገና፣ በሙት ዓመቱ እንደገና። በመጨረሻ ዝናብና ንፋስ ይጨርሱታል እንጂ በእጁ የሚያነሣው የለም፤ ነውር ነው። ወረቀት ያልተለጠፈለት ሙት ቀባሪም አይመጣለትም። የቬሊዛር አባት ኮስታዲን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው በዚህ የእግር መንገድ ወርዶ የወንዙን ከፍታ ሲለካ ኖሯል፤ ስለዚህ የሱ ወረቀት የሚለጠፈው ቆም ብሎ በሚያርፍባቸው ዛፎች ላይ ነው።

"በሩን ተወው፣ ሌሎች ሙታን ሞልተውታል" አለች ዳፊና። "ከምንጩ እጀምራለሁ። አንተ ለሰው አድርስና ተከተለኝ።"

ጥቅሉን በብብቷ ይዛ፣ ፕላስተሩን እንደ አምባር እጇ ላይ አጥልቃ፣ እያነከሰች ወረደች። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ይታጠፋልና ወዲያው ከዐይኑ ተሰወረች። እንግዲህ ስደርስባት እነግራታለሁ አለ በልቡ።

ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆይ ጋሽ ጌንቾ መንጠቋቸውን በትከሻቸው አድርገው ከታች ወጡ። ቬሊዛርን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ንፍሮ ይውሰዱ፣ ጋሽ ጌንቾ። የአባቴ ሙት ዓመት ነው።"

"አባትህንስ ቀበርነው፣ ልጄ። ዳፊና ግን... መቼ ነው? ሐሙስ ዕለት እኮ ገበያ አየኋት። ጎመን ስትገዛ! ሁለት ትልልቅ ጥቅል ጎመን!"

"ደህና ናት እኮ።"

"ልክ ነህ" አሉ ሽማግሌው፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። "አሁንማ ከሁላችን ደህና እሷ ናት።"

አማተቡ፣ ንፍሮውን ቆመው በሉ፣ "ሁለቱንም ነፍስ ይማር" ብለው ሄዱ። ቬሊዛር አረጁ፣ ነገር ይምታታባቸው ጀመር ብሎ አዘነላቸው። ቀጥሎ ውሻ የያዘች፣ የማያውቃት ሴት መጣችና ሳያስበው አቀፈችው።

"ባልና ሚስት በአንድ ቀን መታሰቢያ! ምን ያህል ቢዋደዱ ነው!"

"ማንና ማን?"

"ምንጩ ጋ አየሁት እኮ። እናትህን እንኳ አላውቃቸውም፤ ግን አስለቀሰኝ።"

ባልዲውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ምንጩ ወረደ።

ወረቀቱ ከምንጩ በላይ፣ ቅርፊቱ በሚላላጠው ግዙፍ ዛፍ ላይ ነበር። ቀጥ ብሎ፣ በአራቱም ማዕዘን በልኩ ተለጥፏል። በግራ አባቱ። በቀኝ እናቱ። ሁለቱም በአንድ ጥቁር መስመር ውስጥ፣ ሁለቱም ግራጫ። ከአባቱ በታች የልደትና የሞት ዓመት አለ። ከእናቱ በታች በፈረንጅ አቆጣጠር 1951 ይልና ሰረዝ ይከተላል፤ ከሰረዙ ወዲያ ባዶ ነው። "ከተለያችሁን ዓመት ሆነ" ይላል በሁለቱም ሥር። መጨረሻው ላይ "ቤተሰቡ"።

ያኔ ገባው። በስልኩ ውስጥ የአባቱ ፎቶ አልነበረውም። የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ የመጣ ዕለት ያነሣው የመቃብሩ ድንጋይ። ድንጋዩ ላይ ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ ሚስትም ከባሏ ጎን አስቀድማ ተቀርጻለች፤ ፎቶዋ፣ ስሟ፣ የተወለደችበት ዓመትና ሰረዝ። ያንን ፎቶ ለማተሚያ ቤቱ ላከ። ትናንት ሊዘጉ ሲሉ ጥቅሉን ወሰደ፣ ሳይፈታው ቤት ገባ፣ ተኛ። ደክሞት ነበር።

ለአታሚው ለስፓስ ደወለ።

"ሁለት ሰው ላክህልኝ፣ ሁለት ሰው ሠራሁ" አለ ስፓስ።

"እናቴ አልሞተችም!"

"እና የሞተችበት ዓመት የሌለው ለዚያ ነው?"

"ለምን አልጠየቅከኝም?"

"የረሳኸው መሰለኝ። ውጭ አገር የኖርክ ሰው ነህ። የእናትህን የሞት ቀን ጠይቄ ላሳፍርህ?"

ቬሊዛር ስልኩን ዘጋው። እናቱ ሳታውቅ፣ ሌላ ሰውም ሳይነግራት ሊደርስባት ይገባል። ወረቀቱን ከዛፉ ላይ ገነጠለ። ሁለተኛው ከአኻያው ላይ ነበር፣ እሱንም ገነጠለ። ሦስተኛው ላይ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው አንድ ሰው መጥቶ በቅጠል መሰብሰቢያ ሬክ ዘንግ ጫማውን መታ መታ አደረገው። የመናፈሻው አትክልተኛ ሜቶዲ ነው።

"የሙት ወረቀት ትቀድዳለህ? እናት የለህም?"

"እናቴ ናት ይቺ። አልሞተችም።"

ሜቶዲ ጠጋ ብሎ ወረቀቱን ተመለከተ፣ እሱንም ተመለከተ። "ካልሞተች ማን ለጠፈው?"

"እሷ ናት የለጠፈችው።"

"እሷ ራሷ?"

"እሷ ራሷ። አሁን፣ ከፊቴ እየሄደች።"

አትክልተኛው ሬኩን ደረቱ ላይ አስደግፎ አሰበ። "በርታ" አለው በመጨረሻ፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው። "ጥሩ ሐኪም አሳያት።"

ቬሊዛር እየሮጠ፣ ያገኘውን እየገነጠለ መንገዱን ቀጠለ። ቅጠሉ ርሶ ጫማው ሥር ይንሸራተታል፤ ወንዙ አመድ መስሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። በየዛፉ እናቱ ከድንጋዩ ላይ ታየዋለች። ሰባተኛው ጋ ሩጫውን ተወ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንዲት የምታነክስ አሮጊት ሊደርስባት አልቻለም።

ያገኛት ጣሪያው የወደቀው የሙዚቃ መድረክ ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። አጠገቧ እትዬ ቲንካ አለች፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ክር ፋብሪካ አብራት የሠራች ጓደኛዋ። ቲንካ የዳፊናን የእጅ አንጓ ጨብጣለች፣ ትርታውን እንደምትቆጥር ሁሉ። የቲንካ ቀይ መነጽር ደግሞ ዳፊና ዐይን ላይ ነው። ወረቀቱን ታነባለች።

"ና ወዲህ፣ አንተ ገዳይ!" አለችው ቲንካ። "ጮኼ ዳክዬዎቹን ሁሉ አስነሣሁ። ዛፍ ላይ ሞታ አየኋት፤ ዞር ስል ፕላስተር በጥርሷ እየቆረጠች ትመጣለች!"

"እማ..."

"ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው።"

እስኪበቃት አነበበች። ከዚያ በጣቷ ፎቶዋን መታ መታ አደረገች።

"ይሄ ከድንጋዩ ላይ ነው።"

"አዎ።"

"ቤት ውስጥ ሳጥን ሙሉ ፎቶ እያለ?"

"ልጠይቅሽ አፈርኩ።"

"ምኑ ያሳፍራል?"

"የአባቴ ፎቶ የለኝም ማለት።"

ቲንካ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ዳፊና መነጽሩን አፍንጫዋ ላይ አስተካከለች።

"ከሥሩ ደግሞ 'ቤተሰቡ' ይላል። የትኛው ቤተሰብ ነው?"

"እንደዚያ የሚጻፍ መስሎኝ።"

"እንደዚያ የሚጻፈው ሰው ሲበዛ ነው። እኛ ሁለት ነን። ሁለት ሰው ስሙን ይጽፋል።"

ከቦርሳዋ መቀስ አወጣችና ወረቀቱን መሃል ለመሃል ትቆርጥ ጀመር። ባሏን በአንድ በኩል፣ ራሷን በሌላ በኩል ታስቀምጣለች። ቬሊዛር የገነጠላቸውንም ጭምር አቃንታ ቆረጠቻቸው። እሱ የቲንካን እስክሪብቶ ተውሶ በያንዳንዱ የአባቱ ወረቀት ሥር "ሚስቱ ዳፊና፣ ልጁ ቬሊዛር" እያለ ጻፈ። ሃያ አምስት ናቸው። ብርዱ ጣቱን አደነዘዘው። ዐሥረኛው ላይ የገዛ ስሙ የሌላ ሰው ስም መሰለው።

ዐሥራ አራተኛው ላይ፣ ቀና ሳይል፣ "እማ፣ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ" አለ።

"ለማን?"

"ለኖርዌዮቹ።"

መቀሱ አልቆመም። "ረቡዕ ዕለት የሻንጣህን ጎማ ስትጠግን ሰምቼሃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ወሬው የአንተ ነው። እኔ ልንገርህ?"

"እሄዳለሁ" አለ። ይህን ቃል ካወጣሁ አንድ ነገር ይቀለኛል ብሎ ነበር፤ ምንም አልቀለለውም።

"መቼ?"

"ከገና በኋላ።"

"ጎመኑ እንግዲህ በዛ" አለች ዳፊና።

ቲንካ ግን አላስቻላትም። "ዓመት ሙሉ እዚህ ምን አጣህ? ምን ጎደለብህ?"

"አላውቅም፣ እትዬ ቲንካ። እዚያም ሳለሁ አላውቀውም ነበር።"

"ተዪው" አለቻት ዳፊና። "አባቱ ይሄን ወንዝ ሠላሳ ዓመት ለካው። ነገ ምን ያህል ይሆናል ሲሉት አላውቅም ነበር የሚለው።"

ጽፎ ሲጨርስ የእናቱን ግማሾች ሰብስቦ ወደ ቆሻሻ መጣያው ተነሣ።

"ወዴት?"

"ልጥለው።"

"እኔን? ወዲህ በል።"

ተቀበለችውና ጉልበቷ ላይ ጠርዝ ለጠርዝ አስተካከለች። ከዚያ ለቲንካ አቀበለቻት።

"ያዢልኝ። የሞትኩበትን ዓመት በእጅሽ ትጽፊበታለሽ።"

"እኔ ብቀድምሽስ?"

"ትመልሺልኛለሽ።"

"ሞቼ?"

"እህትሽ ትመልስልኛለች። አንቺ ደግሞ ነገር አታብዢ።"

ቲንካ አልሳቀችም። ወረቀቶቹን ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መንገደኛ ጎረቤት የሰጠችውን የቤት ቁልፍ እንደሚቀበሉት ዐይነት። ቬሊዛር ቆሞ ያያል። በዚያ ከተማ የወላጅን የሙት ወረቀት ማሠራት በየቤቱ የልጅ ድርሻ ነው። ለወቀሳ ሦስት ቀን ሙሉ መልስ ሲያዘጋጅ ከርሟል፤ እናቱ ግን አልወቀሰችውም።

"እማ፣ እሱ የእኔ ሥራ ነው።"

"ነበረ" አለች፣ መነጽሩን አውልቃ ለባለቤቱ እየመለሰች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፣ ድካም ነው ያለው። "ለአባትህ ሦስት ሳምንት ፈጀብህ። ቄሱ ሦስት ሳምንት አይጠብቁም፤ እኔም ሬሳ ቤት ተኝቼ አልጠብቅህም።"

እስክሪብቶው አሁንም በእጁ ነው።

"ስሜንስ? በአንቺም ላይ ልጻፈው?"

ዳፊና አሰበች። ወንዙን አየች፣ እሱን አየች፣ የቲንካን ቦርሳ አየች።

"አይሆንም። ከሥሩ ቦታ ተዪለት፣ ቲንካ። ከደረሰ ራሱ ይጽፈዋል።"

ከዚያ እጇን ዘረጋችለት። ጉልበቷ ብቻዋን አያስነሣትም፤ የሚለጠፍበት ዛፍ ደግሞ ገና ብዙ ቀርቷቸዋል።