ኮፈኑን ያሸው ማን ነው?

ባሌን በሰፈሩ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «መስታወት» ነው የሚሉት። ጉልበት በነበረው ዘመን እሱ በቀባው መኪና ላይ ሴቶች ፀጉራቸውን ያስተካክሉ ነበር። ወንዶች ጢማቸውን ተላጭተውበታል ብሎም ይምላል። ሳንባው የቀለም ሽታ እምቢ ሲለው ጋራዡን ለልጃችን ለቀቀለት። ለቀቀለት ልበል እንጂ፣ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ከልጁ እጅ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ማድቤቴ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ የሚባባሉትን ሁሉ እሰማለሁ።

አንድ ሰሞን፣ የድሮ መኪና እየሰበሰበ የሚያድስ ኢንጂነር ግራጫ መኪና አመጣ። አካሉ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀለም እንደያዘ ነው፤ ፀሐይና ዕድሜ ግን አደብዝዘውታል። የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኑ ብቻ በዝገት ተበልቶ በሌላ ተተክቷል። ሰውየው የፈለገው አዲሱ ኮፈን ደብዝዞ ከአሮጌው አካል ጋር እንዲመሳሰል ነው።

«ዓይኔ ካልለየው፣» አለው ልጄን፣ «የወርክሾፔን የቀለም ክፍል ላንተ ነው የምሰጥህ። ኃላፊ ሆነህ ትገባለህ።»

ልጄ ሚስት ለማግባት የደረሰ ሰው ነው፤ ዛሬም እንደ ሕፃን «እንዲህ ያዝ፣ እንዲያ ልቀቅ» ይባላል። በስተመጨረሻ ከአባቱ ወንበር ፊት የሚወጣበት መንገድ ተገኘ ብዬ፣ ደስታው ራሱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ልጄ ቀለሙ ላይ ማደብዘዣ ይጨምራል፣ ያማስላል፣ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ይረጫል፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

«ኧረ ይኸው ያበራል! አልሆነም እንዴ?» አልኩት ሻይ ይዤ ስገባ።

«እማዬ፣ እርጥብ ቀለም ሁሉ ያበራል። ሳይደርቅ አይፈረድበትም።»

ሲደርቅ ቁራጩን ከመኪናው ጣራ አጠገብ አድርጎ በፀሐይ ያየዋል። አንዱ ገና ያብለጨልጫል፤ ሌላው ደግሞ ጠመኔ ይመስላል። እንደገና ይጀምራል። አባቱ ከወንበሩ ሆኖ አያስቀምጠውም።

«እኔ እንዲያበራ ስለፋ ኖርኩ፤ ይሄ እንዲደበዝዝ ይለፋል። እሳት አመድ ወለደ ማለት ይኸው ነው!»

«አባዬ፣ ሰውየው የፈለገው እኮ አመዱን ነው።»

«እሱ ቢያብድ አብረህ ታብዳለህ?»

መጨረሻ ላይ ተሳካለት። ኮፈኑን ቀብቶ ሲደርቅ ጠራኝ። ዞሬ ዞሬ አየሁት፤ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ ጠፋኝ። ኢንጂነሩ በማግስቱ ጠዋት ሊመጣ ተቀጣጠሩ።

በማግስቱ ማለዳ ከጋራዡ ጨርቅ ሲፈተግ የሚያፏጭ ድምፅ ሰማሁ። ብገባ ባሌ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሱፍ ጨርቅ ሰም ውስጥ እየነከረ ኮፈኑን ያሻል። ፊቱ እንደዚያ ፈክቶ ካየሁት ዘመን ሆኖታል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ልጅሽን ከውርደት እያዳንኩት ነዋ! ይህን ይዞ ሰው ፊት ሊቀርብ ነው?»

ጨርቁን ቀማሁት። ምን ዋጋ አለው፤ የኮፈኑ ግማሽ እንደ ጋለ መጥበሻ ያብረቀርቅ ነበር። ልጄ ከኋላዬ መጣ። ጣቱን ኮፈኑ ላይ አንሸራተተ።

«ሰሙን ብንጠርገው አይመለስም?» አልኩት።

«አይመለስም እማዬ። ደብዛዛ የሚያደርገው ሻካራው ላዩ ነው። እሱ በመታሸት ከለሰለሰ፣ ያለው መላጥና እንደገና መቀባት ብቻ ነው።»

ይህን ሲል የኢንጂነሩ መኪና በር ላይ ቆመ።

ሰውየው ኮፈኑን አይቶ ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም። «በሰም ያሸው ማን ነው?»

ባሌ አጠገቤ ነው፤ ሰሙ ገና ከጥፍሩ አልወጣም። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብዬ አፉን አፉን አየሁት።

«እኔ ነኝ፣» አለ ልጄ። «ይበልጥ ያምራል ብዬ ነው።»

«ደብዛዛ ቀለም እንደማይታሽ የማያውቅ ሰው ላይ ነው ክፍሉን የምጥለው?» ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ኮፈኑን እንደነበረ አድርገህ መልስልኝ። የክፍሉ ነገር ግን ይቅር።»

ይሄኔ ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ተመስገን አልኩ በልቤ።

«ይማሩት ጌታዬ፣» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ልጅ አይደል? ያጠፋል፣ ይማራል።»

ሰውየው ሲሄድ ልጄን ተከትዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

«ለምን? ለምን ዋሸህ?»

«ተዪው እማዬ። እሱ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።»

«ላንተስ ምን ቀረህ?»

ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ ኮፈኑን መላጥ ጀመረ።

ረፋድ ላይ ጎረቤታችን ጎሚስታው ብቅ አለ። «እህሳ መስታወት፣ የልጁ ሥራ አለፈ?»

«የት ያልፋል!» አለ ባሌ ከወንበሩ። «ሰው የነገሩትን አይሰማ፣ አበላሸው።»

ያዘልኩትን ሁሉ ላወርድበት አፌን ከፈትኩ። ልጄ በዱቄት ከተሸፈነው ኮፈን ላይ ቀና ብሎ፣ በዓይኑ ለመነኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ባሌን ከ«አዎ» እና ከ«አይ» ሌላ ቃል አልመልስለትም። እሱ ደግሞ ያመመኝ መስሎት፣ ለመጣው ሰው ሁሉ «ሴትዮዋ ደከመች» ይላል።