ሚኒስትሩ የመጡበት እሑድ

መጠበቅ ሥራዬ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የባለሥልጣን ሹፌር ሆኜ ከስብሰባ ደጅ፣ ከሠርግ ደጅ፣ ከለቅሶ ደጅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጸጉሬ ሸብቷል። አንድም ቀን ቸኩዬ አላውቅም። ያን እሑድ ግን ስታዲየሙ በር ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ ጠዋት ያጠብኩትን መስታወት መልሼ እወለውላለሁ። ውስጥ ሕዝቡ ይጮሃል፤ ኪሴ ውስጥ ደግሞ ስልኬ ይጮሃል።

"ሰብስቤ፣ የት ደረሳችሁ?" አለኝ አምሐ። አምሐ የሰፈራችን የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። "ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። እትዬ ጽጌማርያምም ድልድዩ ጋ ተቀምጠዋል።"

"መንገድ ላይ ነን" አልኩት። ምን ልበለው?

ሰፈሬ ቀራንዮ ነው። ከመድኃኔዓለም ቁልቁል ሲወረድ ወንዙ ላይ የእንጨት ድልድይ አለን፤ ድልድይ ከተባለ። ግማሹን ክረምቱ ወስዶታል። የቀረው በእግር፣ ያውም አንድ በአንድ ነው የሚታለፈው፤ ባጃጅ ዝር አይልም። እትዬ ጽጌማርያም ጎረቤቴ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ይሄዳሉ። ሦስቱንም ቀን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ አራት ሆነን እናሻግራቸዋለን። እኔ ጠዋት ጠዋት የወንበሩን የፊት ቀኝ እግር እይዝና ከዚያ ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ። ባለፈው ወር የአንዳችን እግር ሸርተት ብሎ ሁላችንም ወንዝ ልንገባ ለጥቂት ነው የተረፍነው። እሳቸው ወንበሩ ላይ ሆነው "እኔን ተዉኝ፣ እናንተ ተጠንቀቁ" ይሉናል።

ማመልከቻችን ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ እኔው መሥሪያ ቤት ተመራ። ሚኒስትሩ እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል ራሳቸው መጥተው ሊያዩት ቀጠሮ ተያዘ። አፌን በቆረጠው፣ ሰፈር ገብቼ ያወራሁት እኔ ነኝ። "የማመጣቸው እኔ ነኝ እትዬ፤ ልብስዎን ለብሰው ይጠብቁን" አልኳቸው።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ሚኒስትሩ መኪና ውስጥ ገብተው "ሰብስቤ፣ ወደ ስታዲየም" አሉኝ።

"ቀራንዮስ፣ ክቡር ሚኒስትር?"

"ይደርሳል። ሰዎች ጋብዘውኛል።"

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ተጀመረ። አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። አምሐ ደወለ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። ስልኩን አጠፋሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ወጡና "በል ቤት አድርሰኝ" አሉኝ፤ የቀራንዮን ነገር አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም። ማታ ለእነአምሐ ድንገተኛ ሥራ ገጥሟቸው ነው ብዬ ዋሸሁ።

ሰኞ ጠዋት የሕዝብ ግንኙነቷ ራኬብ አስጠራችኝ። ትሁት ልጅ ናት፤ ክፉ ነገር አላይባትም። በመሥሪያ ቤታችን አዲስ መመሪያ ወጥቷል፦ ሚኒስትሩ በመንግሥት መኪና የሄዱበት ሁሉ በየወሩ ከነስምሪት ቅጹ ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ሕዝብ እንዲያየው። ቅጹን ሞልታ ጠበቀችኝ። መድረሻ፦ ኮልፌ ቀራንዮ። ምክንያት፦ የድልድይ ጉብኝት። የቀረው የሹፌር ፊርማ ነው።

"ራኬብ፣ ስታዲየም ነበርን እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሽ ሰብስቤ። ስታዲየም ካልኩ ግን ይቺን መሙላት አለብኝ።" በጥፍሯ አሳየችኝ። ለስፖርት ውድድር ብቻ የሚሞላ ቦታ ነው፦ ማን ጋበዘ? ምን ሥራ ተሠራ?

"ሁለት ለባዶ ተሸነፍን ብለሽ ሙዪያት።"

አልሳቀችም። "ደግሞ የሚጠቅመው ለሰፈርዎ ነው" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ተጎብኝቷል ከተባለ በጀት ይያዝለታል። አልተጎበኘም ካልን ሌላ ቀጠሮ መቼ እንደሚገኝ እንጃ።"

ፈረምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ለድልድዩ ብዬ ነው፤ ግማሹ ፍርሃት ነው። ሁለት ልጅ አስተምራለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እህል አልወርድ፣ ወሬ አልጥም አለኝ። አምሐ ባየኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ እየመሰለኝ መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ጽጌማርያምን ልናሻግር ድልድዩ አፍ ላይ ቆመናል። አምሐ ወረቀት ይዞ መጣ። ከድረ ገጹ ያተመው ነው። ጮክ ብሎ አነበበው፦ "በዕለቱ በተደረገው ጉብኝት ድልድዩ ለእግረኛ አገልግሎት እየሰጠ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ በዚህ ዓመት ዕቅድ አልተያዘም።" ከሥሩ የስምሪት ቅጹ አለ። ከቅጹ ሥር ስሜና ፊርማዬ።

አምሐ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጠፈና መሬት መሬት አየ።

"ሰብስቤ" አሉኝ እትዬ ጽጌማርያም ከወንበራቸው። "የመጡት በስንት ሰዓት ነው፣ ልጄ? ሥራ ገጥሟቸው ነው ስትለን፣ ለካ ዘግይተው መጥተው ኖሯል? እኔ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነበርኩ። ከመድኃኒቱ ነው መሰለኝ፣ ተቀምጬም እንቅልፍ ይወስደኛል። ተኝቼ አልፈውኝ ይሆን?"

ሊወጉኝ አልነበረም። የምራቸውን ነው የሚጠይቁኝ። እኔን ከሚጠረጥሩ ራሳቸውን ጠረጠሩ። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"አልተኙም" አልኳቸው። "አልመጡም። ስታዲየም ወስጃቸው ነበር። ቀራንዮ ተብሎ ሲጻፍ እያወቅሁ ፈረምኩ።"

ወረቀቱን ከአምሐ እጅ ወሰድኩ። ሹፌር ነኝና ሰዓቱንና ኪሎ ሜትሩን በኪስ ደብተሬ እይዛለሁ፤ ደብተሩን አውጥቼ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ገለበጥኩት። ስምንት ሰዓት ተነሣን። ስምንት ተኩል ስታዲየም ደረስን። አሥራ አንድ ከሩብ ከዚያ ወጣን። ቀራንዮ አልሄድንም። የተሠራ ሥራ፦ የለም። ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩበት። ሰኞ የመኪናውን ቁልፍ እንደሚቀበሉኝ አውቄዋለሁ።

"እኔንም ጻፈኝ" አሉ እትዬ ጽጌማርያም። "ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጠብቃለች በል። ዘንቦባትም አልገባችም በል።"

እንዳሉት ጻፍኩ። አምሐ ወረቀቱን ተቀብሎ "መሥሪያ ቤታችሁም፣ ክፍለ ከተማም ሰኞ ጠዋት ይገባል" አለ።

ወደ ወንበሩ ስመለስ የፊቱን ቀኝ እግር ጎረቤታችን ኑሕ ይዞታል። አላየኝም፤ ማየት አልፈለገም። እጄን ምን ላድርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

"ኑሕ" አሉት እትዬ ጽጌማርያም፣ "ልቀቅለት። በዚህ በኩል የሚይዘኝ ሰብስቤ ነው።"

ኑሕ ለቀቀልኝ። ጎንበስ ብዬ ያዝኩና ተሻገርን።