የተሰረዙት ኖታዎች

አስመላሽ ሙዚቃ የሚጫወትበትን ኪቦርድ የሚያማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወሬኛ ነው ይላል። ልጁ ሰምሃል ትንሽ ሳለች፣ ከኪቦርዱ ጀርባ የሚወጣውን ሚዲ የሚባል ገመድ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ዘፈን ስትፈልግ አገኛትና ሆዱን ይዞ ሳቀባት።

«እዚህ ውስጥ ድምፅ የለም እኮ የኔ ልጅ፤ ወሬ ብቻ ነው። የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ መቼ ተለቀቀ፤ ያየውን ሁሉ ለወዲያኛው መሣሪያ ያወራል። ድምፅ የሚያወጣው ሰሚው ነው።»

ሰምሃል ይህን እየሰማች አደገችና ባምቢስ አካባቢ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ የዚያ ወሬ አድማጭ ሆና ተቀጠረች። ሙዚቀኛ የተጫወተውን በላፕቶፕ ታቃናለች፤ የተንጋደደውን ታስተካክላለች፣ የተረፈውን ትሰርዛለች።

አባቷ ዕድሜውን የጨረሰው የካዛንቺስን ሙሽሮች በኪቦርዱ ሲያጅብ ነው። ቤታቸው ፈርሶ ላንቻ ሁለት ክፍል በተከራዩ ዓመት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለው። ክኒን አዘዘለትና፣ ይሄ ሕመሙን ያስታግሰዋል እንጂ አይነቅለውም ብሎ ቁርጡን ነገረው። አስመላሽ ክኒኑንም ዋጠ፣ ጠዋት ጠዋት ቂርቆስ ጠበል መጠመቅም ያዘ። ስለትም ተሳለ፤ ይቺን እጄን መልስልኝና ዘርፉ ወርቅ የሆነ ጃንጥላ አገባልሃለሁ አለ።

እጁ ግን አልመለስ አለ። ጣቱ አንዴ ሊነካ አስቦ ሦስቴ ይነካል፤ ወሬኛው ኪቦርድ ደግሞ ሦስቱንም አንድ ሳያስቀር ያወራል። ሠርግ ሲገኝ አስመላሽን የሚጠራው ዘፋኙ ሙክታር አፍ አውጥቶ ምንም አላለውም፤ ብቻ መደወል ተወ። አስመላሽ ስልኩን እያገላበጠ ሲያይ ሰምሃል አንጀቷ አልቻለም።

አንድ እሑድ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ አሪፍ የፒያኖ ድምፅ አምጥቼልሃለሁ» አለችው። ኪቦርዱ የራሱን ድምፅ እንዳያወጣ ዘጋችው። ወሬው በሙሉ በገመድ ወደ ላፕቶፑ ሄደ፤ ላፕቶፑም የተደጋገመውን እየሰረዘ፣ የደከመውን ከፍ እያደረገ፣ የጸዳውን ብቻ ለስፒከሩ ሰጠ። ለዚያች እሑድ ብቻ ነበር ያሰበችው። ትንሽ ደስ ይበለው ብላ ነው፤ በቃ።

አስመላሽ የድሮ የሠርግ ዜማ ጀመረ። አንድም ሳይደነቃቀፍ ዘልቆ ጨረሰና እጁን አንስቶ እንደ እንግዳ ሰው እጅ አገላብጦ አየው። ከዚያ ተነሥቶ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

«ሰማሽ? ቂርቆስ ሰማኝ! ሰማኝ ልጄ!»

ሰምሃል ልትነግረው አፏን ከፈተች። እስቲ በዚያ ሰዓት የሚናገር ማን ነው? ድፍረቱ ያለው ይፍረድባት።

እጁ ከኪቦርዱ ሲወርድ ያው ይንቀጠቀጣል። አስመላሽ ለዚህም መልስ አላጣም፤ ምሕረቱ ከጣት ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል አለ። ሙክታርን ራሱ ደውሎ ጠራው። ሙክታር መጥቶ ሰማና ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ፤ «ወላሂ ጋሼ፣ እጅዎ ታድሷል!» አለ። የሠርግ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ሰምሃልም «ድምፁን እኔ ልያዝልህ» እያለች በየአዳራሹ ላፕቶፗን ታቅፋ ከጀርባው ትቀመጥ ጀመር። እሱም አሪፉን ድምፅ ስለለመደ ያለ ላፕቶፑ ኪቦርዱን መክፈት ተወ። ሙሽሮቹ ይጨፍራሉ፣ አባቷ ያበራል፣ እሷ ገመዱን ታያለች።

ጉዱን ያወቀችው የአባቷን መሳቢያ ስትከፍት ነው። ክኒኑ እንደታሸገ ተቀምጧል።

«ለዳነ ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል?» አላት። «ቂርቆስን መጠራጠር አይሆንም?»

ሮጣ የንስሐ አባቱን ለመነች። እሳቸውም ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፣ ሁለቱንም ያዝ ብለው መከሩት። አስመላሽ እሺ አባቴ ብሎ ጉልበት ስሞ ወጣ፤ ክኒኑን ግን አልነካውም። እያደር እግሩ መጎተት ያዘ። ፊቱ ደረቀ፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፣ አንድ ቀን ደጃፉ ላይ በግንባሩ ወደቀ። ከዚህ ሁሉ መሀል ጤነኛ የሚሆነው ኪቦርዱ ላይ ብቻ ነው። ሰምሃል ለመነችው፣ አለቀሰችበት፣ ተቆጣችው። እሱ የሚያሳያት ጃንጥላውን ነው፤ ለጥር ቂርቆስ ሊያስገባው ገዝቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ጥግ አቁሞታል።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቱ ቆመች። «አባዬ፣ አልዳንክም። እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ሳቀባት። እሷ መልስ ሳትሰጥ ላፕቶፑ ላይ አንዲት ነገር አጠፋችና «እስቲ አሁን ተጫወት» አለችው። ተጫወተ። ጣቱ የነካው ሁሉ፣ የፈለገውም ያልፈለገውም፣ አንድ ሳይቀር ወጣ። ሁለት መስመር ሳይሄድ አቆመ። ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ነገሩን ያስተማራት እሱ ነው።

«ከመጀመሪያዋ እሑድ ጀምሮ?»

«አዎ።»

«ሙክታር ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም።»

ይጮህብኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። በጥፊ ቢላት እንኳ ይቀላት ነበር። እሱ ግን ቁልፎቹን ሲያይ ቆየና «ላፕቶፑ የምትሰርዣቸውን ብቻ ማሰማት ይችላል?» አላት።

«ይችላል። ግን ምን ያደርግልሃል አባዬ?»

«አሰሚኝ አልኩሽ።»

ገለበጠችው። አሁን ላፕቶፑ ዜማውን እየዋጠ ትርፉን ብቻ ያወጣል። አስመላሽ ያንኑ የሠርግ ዜማ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ከስፒከሩ የወጣው ዜማ አልነበረም፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ እዚህም እዚያም የሚንጠባጠብ ነገር ነበር። የሌላ ሙዚቀኛ ሥራ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማው።

«የኔ ይሄ ነው እንግዲህ» አለ። «ያኛው ያንቺ ነበር።»

«አይደለም አባዬ! እኔ አንድ ኖታ አልጨመርኩም። ያ ሁሉ ያንተ ነው፤ እኔ የቀነስኩት...»

አልሰማትም። ዓይኑ ጥግ ላይ ወደ ቆመው ጃንጥላ ሄዷል። «ለቂርቆስስ ምን ልበለው?» አለ፤ እሷን ይሁን ራሱን እንደጠየቀ አልገባትም።

አስመላሽ ኪቦርዱን አጠፋና እጁን ዘረጋላት። «አምጪ።»

ስንት ወር የለመነችው ነገር ነው። ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ እጁ አራገፈው። ከወለል አንስታ ጠርጋ መልሳ አኖረችለት፤ አሁንም ወደቀ። ሌላ አወጣች። አስመላሽ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ሰበሰበ፣ ዓይኑን ጨፈነና አፉን ከፈተላት።