ለሐሙስ የተቀጠረችው

«ዶክተርዬ፣ በእኛ አትጨነቂ፤ ሌላ ሐኪም እንፈልጋለን» አለች የትንሿ ታካሚ እናት፣ የለቅሶ ቤቱን ቡና ሳትቀምሰው። ሐኪሟ አባቷን የቀበረችው በዚሁ ሳምንት ነው። የዚህችን ልጅ የጠበበ ጉሮሮ ሐሙስ ዕለት አባትና ልጅ አብረው ሊያሰፉላት ቀጠሮ ይዘው ነበር። በከተማው ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው እንደሌለ ደግሞ ሁለቱም ሴቶች ያውቁታል።

የሐኪሟ አጎት ጎንበስ ብሎ «ተይው ልጄ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አላት በሹክሹክታ። እውነቱን ነው፤ ስኒውን እንኳ በሁለት እጇ ነው የያዘችው። ያለ አባቷ አንድም የሕፃን ጉሮሮ ከፍታ አታውቅም።

አባቷ ዕድሜውን የፈጀው በአንድ ነገር ነው፤ የጠበበን የሕፃን ጉሮሮ፣ ከራሱ ከሕፃኑ ጎድን በተወሰደ ለስላሳ አጥንት ማስፋት። አጥንቱ እንደ ታንኳ ይቀረጻል። ከወፈረ የትንፋሹን መንገድ ይዘጋል፣ ከሳሳ አይቆምም። መለማመጃው የጓዳው ካሮት ነበር። «ወጥ ቤቴን ሆስፒታል አደረግኸው እኮ!» እያለች እናቷ ስትጮህ፣ እሱ ልጁን ጠርቶ ቢላዋውን ያስይዛታል። «የኔ ወፈረ፤ እስቲ ያንቺን እንየው።»

የመጨረሻውን ቀዶ ጥገና አብረው ሲሠሩ አጥንቱን የቀረጸችው እሷ ነበረች። አየው፤ ምንም ሳይናገር መርፌውን አቀበላት። ሲወጡ ተናደደችበት።

«ምነው አባዬ፣ አንድ ቃል ብትተነፍስ?»

«ምን የምለው አለ? ጨርሰሽዋል እኮ» ብሎ ሳቀ።

ለካ ያን ቀን ሥራውን ማስረከቡ ነበር። አሁን ገና ገባት፤ ክፉኛ ናፈቃት።

ስኒውን አስቀመጠች። «የትም አትሂዱ። ሐሙስ ጠዋት በባዶ ሆዷ አምጪያት» አለቻት የልጅቷን እናት።

«ትችያለሽ?» አላት አጎቷ።

«እፈራለሁ። ግን እሠራዋለሁ። እናንተ ብቻ እስከዚያ ቡና አትስጡኝ።»

ልጅቷ ከእናቷ ጭን ወርዳ መጣችና ሁለት እጆቿን በሐኪሟ አንገት ላይ ጠመጠመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በገባላት ትንሽ ቱቦ ነውና፣ ለመናገር ቀዳዳውን በጣቷ መድፈን አለባት፤ እቅፏን መልቀቅ ደግሞ አልፈለገችም።

ሐኪሟ እንባዋ እየወረደ የራሷን ጣት ቀዳዳው ላይ በቀስታ አሳረፈች።

«አይዞሽ» አለቻት ልጅቷ።