የሚናገረው ደብተር

ጌጃ ሰፈር ወሬ ከፈለግሽ ሳዲያ ጋ ሂጂ። የማን ልጅ እንዳረገዘች፣ የማን ባል ፍርድ ቤት እንደተጠራ ባለቤቱ ሳይሰማ እሷ ሰምታለች። ሰዉ ፊት ለፊት "እትዬ ሳዲያ" ይላታል፣ ዞር ስትል "ሬዲዮ"። እሷም ታውቃለች። "ባትሪ የሚገዛልኝ ግን የለም" ብላ ትስቃለች። ይቺው ሴት ናት እንግዲህ በዕድሜዋ አንዴ አፏን የዘጋችው። የዘጋችውም በማይዘጋበት ቀን ነው።

ነገሩ የመጣው በጽንዓት ነው። ጽንዓትና ሳዲያ አርባ ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ የኖሩ ናቸው። ጽንዓት ስኳር አለባት፣ ዓይኗም ደክሟል። አንድያ ልጇ ጌዲዮን ኮምፒውተር ተምሮ ነበርና ለእናቱ ብሎ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ሠራ። ጣትሽን ወግተሽ ስኳርሽን ትለኪያለሽ፣ ቁጥሩን ትነግሪዋለሽ፣ እሱ ደግሞ በሴት ድምፅ ኢንሱሊኑን "ይህን ያህል ይውጉ" ይልሻል። ሰፈሩ ጉድ አለ። ከአብነት እስከ ልደታ ስኳር ያለበት ሁሉ አስጫነ።

"ዶክተር ወለድኩ እኮ!" ትላለች ጽንዓት።

"ኧረ ቀስ በይ፣ ገና ሚስት እንኳ አላገኘም" ትላታለች ሳዲያ።

ፍልሰታ ገባ። ጽንዓት ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ስለ መርፌው አንድ ቃል ሳትተነፍስ መጀመሪያ "እየጾሙ ነው?" ነው የምትላት። እዚህ አገር ይሄን የማይጠይቅ ማን አለ? የጌዲዮን አፕ ግን አልጠየቀም። ስሌቱን ያመጣው ከውጭ አገር ነው፤ እዚያ ሰው ጠዋት ቁርሱን በልቶ ነው የሚውለው። ያን ቀን ሳዲያ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ስትገባ በጆሮዋ ሰማችው። "አሥራ ስድስት ይውጉ።" ጽንዓት ተወጋች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ቅዳሴ ሄደች።

ቅዳሴው መሃል ላብ በላብ ሆነች፣ መለፍለፍ ጀመረች። ሴቶቹ "ይዟታል!" አሉ። ጠበል ረጯት፣ በመቁጠሪያ ዳበሷት። "ማነህ? የት አገኘሃት?" እያሉ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲጠይቁ አንድ ማንኪያ ስኳር ያጎረሳት የለም። ሆስፒታል ግሉኮስ ሲሰጧት ትንሽ ነቃ አለች፣ ሳዲያን አየቻትና እጇን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። "ልጄን አደራ" አለቻት። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ፣ ሆስፒታሉ አመልክቶ፣ ከመድኃኒት ቁጥጥር ሰው ይመጣል ተባለ። በዋዜማው ጌዲዮን ሳዲያ ቤት ገባ። ከስቶ አንገቱ ብቻ ቀርቷል።

"እትዬ ሳዲያ፣ ነገ እርስዎን ይጠይቃሉ። የዚያን ቀን የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። አፑ ስኳር መመዝገቢያ ደብተር ነው በሏቸው።"

"ደብተር አፍ አለው እንዴ፣ አንተ?"

"ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። አሁን ቢከፍቱት 'ተመዝግቧል' ብሎ ብቻ ነው የሚጽፈው። ያኔ ይናገር ነበር ካሉ ግን አለቀልኝ።"

"የጽንዓት ልጅ ሆነህ፣ ጾም እንዴት ረሳህ?"

ጌዲዮን መሬት መሬት አየ። "ረሳሁት። ስሌቱ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ወላሂ!"

"ወላሂን ለኛ ተወው፣ በራስህ ማል።"

"በእናቴ አጥንት።"

በማግስቱ የመጣው ሮቤራ የሚባል ጨዋ ሰው ነው። ጫማውን ደጅ ሊያወልቅ ሲል "ግባ፣ መስጊድ አይደለም" አለችው። ፎልደሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

"እናቴ፣ የነገሩትን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ደብተር ነው፣ እኛ ደብተር አንቆጣጠርም። ይህን ያህል ይውጉ የሚል ከሆነ ግን እንደ መርፌው ሁሉ የሕክምና መሣሪያ ነው። ሳይፈተሽና ሳይመዘገብ ሰው እጅ መግባት የለበትም። ምን ሲል ሰሙ?"

ሬዲዮዋ እጇን አሸት አደረገች። ጽንዓት ጨምድዳ የያዘችው እጇ እስካሁን ያማታል።

"ደብተር ነው" አለች።

"ቁጥር አልተናገረም?"

"የነገረችውን ነው የደገመላት።"

ሮቤራ ትክ ብሎ አያትና ጻፈ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስፈረማት። ሲነሳ "ይሄ ነገር ስንት ሰው ጋ እንዳለ ያውቃሉ?" አላት። የሰፈሩን ድመት ሳይቀር በስም የምታውቅ ሴት "አላውቅም" አለች።

ረመዳን ገባ። ሳዲያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቀሚሷን ልታስጠብብ አብነት፣ ልብስ ሰፊው ሺፋ ጋ ሄደች። ገና ሳትቀመጥ ከስፌት መኪናው ጎን ካለው ስልክ ያቺው ሴት ተናገረች።

"አሥራ ሁለት ይውጉ።"

የሮቤራ ፋይል ሲዘጋ ጌዲዮን ድምፁን መልሶታል። ጾሙን ግን አላስገባም።

"ሺፋ! እንዳትወጋ!"

"ምነው ሳዲያ፣ ደሞ ዛሬ ማን አረገዘ?"

"ጽንዓትን የገደላት እሱ ነው! መጾምህን አያውቅም፣ ቁርስ የበላህ መስሎታል!"

ሺፋ ሳቀ። "አንቺ አይደለሽ እንዴ ደብተር ነው ብለሽ የፈረምሽው? ጌዲዮን የወረቀቱን ኮፒ አሳይቶኛል። ጣትሽ ጉልህ ብሎ ይታያል።"

"ዋሽቼ ነው!"

"ያኔ ነው የዋሸሽው አሁን?" አለና ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ተወጋ። ከዚያ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ መስፋቱን ቀጠለ።

ሳዲያ ወጣች። ሱቁ ጋ ሩብ ኪሎ ስኳር ገዝታ ተመለሰችና በሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

"ጾሜን ልታስፈርሺኝ ነው?" አለ ሺፋ።

ፌስታሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሮቤራ የጠየቃትን አሁን በልቧ ቤት ቤቱን ትቆጥራለች። አብነት ስድስት፣ ጌጃ ሰፈር ዘጠኝ፣ ወደ ልደታ ሁለት... ከነሱ የሚጾመው ማን ነው? የማይጾመውስ? የማፍጠሪያው አዛን ሊል ገና ስምንት ሰዓት ይቀራል።

ደንበኛ ገባ፣ ደንበኛ ወጣ። "ሬዲዮ ዛሬ ምነው ዝም አለች?" አለ አንዱ። ሺፋ ክር ሊያስገባ መርፌውን ሁለት ጊዜ ሳተ። ግንባሩን በእጅጌው ጠረግ አደረገ።

"ሙቀቱ ነው" አለ።

ሳዲያ የስኳሩን ፌስታል ፈታች።