ጦጣዋ ያሕያ ሱቅ የገባች ዕለት

እንዳላማው ሠላሳ ዓመት ከደብረ ማርቆስ ደጀን አውቶቡስ ሲነዳ ማንም እንዲቀድመው ፈቅዶ አያውቅም። ጡረታ ሲወጣ መሪውን አስረከበ እንጂ አመሉን አላስረከበም። ስለዚህ ሂዊ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት «በከተማችን የዱር እንስሳ ያየ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይላክልኝ» ብላ ስታስነግር፣ ሌላውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ተነሣ።

ፉክክሩ ከጓደኛው ከያሕያ ጋር ነበር። ያሕያ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣል። እዚያው በሩ ላይ እንደተቀመጠ በአንድ ሳምንት ጣሪያ ላይ ጭልፊት፣ ቦይ ውስጥ አይጥ የሚያድን ፋሮ አንሥቶ ላከ። እንዳላማው ግን በየጢሻው ሲንከራተት ከርሞ ያገኘው ጉንፋን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ባሕር ዛፍ ሥር ጆሮው ቀጥ ያለ ግራጫ ነገር ተጋድሞ አየ። በሆዱ እየተሳበ ፎቶ አነሣውና «ቀበሮ!» ብሎ ላከ።

የሂዊ መልስ አልዘገየም። «ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ግን አንገቱ ላይ ገመድ አለ።»

ለካ የጎረቤቱ የሥራነሽ ውሻ ኖሯል። እሷም ሰምታ አኮረፈችው።

በማግስቱ ያሕያ ሱቁ ውስጥ ይህንኑ እያነሣ ሲስቅበት፣ አንዲት ጦጣ በበሩ ዘው ብላ ባንኮኒው ላይ ቁጢጥ አለች። ያሕያ ወደ ስልኩ እጁን ሲሰድ ጥርሷን አሳየችው፤ እሱም ከጨርቁ ጣቃ ጀርባ ተወሸቀ። እንዳላማው በድንጋጤ ስልክ መያዙንም ረሳ። እሷ ሳትቸኩል ያሕያ ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠውን የተምር ከረጢት ፈታች፣ በላች፣ ፍሬውን ተፋች፣ ጉንጯን ሞላችና ወጣች።

«አነሣሃት?» አለ ያሕያ ከጣቃው ጀርባ።

«አንተስ?»

ያሕያ ወዲያው ለሂዊ ደወለ። «ፎቶ የለኝም፤ ምስክር ግን አለኝ!» ብሎ ስልኩን ለእንዳላማው ሰጠው።

እንዳላማው ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። «አላየሁም» ቢል ያሕያ ሦስተኛ እንስሳ አይቆጠርለትም። ቀና ሲል ግን ጓደኛው ሸሚዙ ላይ ጦጣዋ የተፋችው የተምር ልጣጭ እንደተለጠፈበት አፍ አፉን ያየዋል።

«አይቻለሁ ልጄ። በሁለት ዓይኔ።»

«ይቅርታ ጋሼ... ውሻውን የላኩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ እንዳላማው ላብ እያጠመቀው። «እሱም ቢሆን እኮ ውሸት አልነበረም፤ ደህና ውሻ ነው!»

ያሕያ በሳቅ ፈነዳ፤ በስልኩ ውስጥ ሂዊም ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

ወዲያው በባጃጅ መጣች። የተተፋውን ፍሬ አየች፣ ደጅ ያሉትን ሻጮች ጠየቀች፣ እነሱም ጦጣዋ ስትወጣ ማየታቸውን ነገሯት። «በማን ስም ልመዝግባት?»

«በእሱ» አለ እንዳላማው።

«በሁለታችን!» አለ ያሕያ ቆጣ ብሎ። «ብቻዬን ብሆን ማን ያምነኝ ነበር?»

ሁለቱንም ጻፈች። ያሕያም ደስ ብሎት የተረፈውን ተምር አቀረበ። ሂዊ «ጦጣ የነካውንማ አልበላም» ብላ እጇን ሰበሰበች። እንዳላማው ግን ሁለት አነሣ።